የካልሲ ሙሽሮች

ነሐሴ 10፣ ረቡዕ

ዛሬም ስኳር የለም።

ባሌ ሸሓታ ሚኒባሱን ይዞ እስከ መሐላ ከተማ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ነጋዴው ሁሉ የተማከረ ይመስል መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ ይገባል።» ነገ በየቀኑ ይመጣል፤ ስኳሩ ግን አብሮት አይመጣም።

የባሌ አባት ሐጂ በድራን ድሮ ቢሆን በዚህ ሰሞን በካናቴራ ብቻ ከሚፈላው ድስት አጠገብ ቆመው በላብ ይታጠቡ ነበር። ለመውሊድ ለልጆች የሚሰጡት የስኳር ሙሽራዋና የስኳር ፈረሰኛው ቅርጽ ውስጥ መፍሰስ የሚጀምሩት አሁን ነው። ዘንድሮ ምድር ቤት ያለው ወርክሾፕ ቀዝቅዟል። የእንጨት ቅርጾቹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። እሳቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው «ሐጂ፣ ሙሽሮቹስ?» ሲላቸው «ስኳር ይምጣና!» ይላሉ። ድምፃቸው ደህና ነው።

ሻይ ሳቀርብላቸው ግን ብርጭቆውን ከእጄ አልቀበል ብለዋል። «እዚያ አስቀምጪው፣ ልጄ» ይሉኛል ፊታቸውን አዙረው። ተቀይመውኛል መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ባውቅ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።

የሁላችንም ጭንቀት ቦታው ነው። ከሰዪድ አል-በደዊ መስጊድ በታች፣ በመውሊድ ሰሞን የጣፋጭ ዳሶች ከሚተከሉበት መንገድ፣ የእኛ ዳስ ከሐጂ አባት ጊዜ ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ባዶ ያደረ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ ደንቡ ነው። ከአጠገባችን የሚቆመው ጣፋጭ ሠሪ ሙዓለም ገሪብ ከአሁኑ መሬቱን በእርምጃ ሲለካ ታይቷል። እሱ ስኳር አለው። ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ።

ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ

ከእኛ ፎቅ በላይ የምትኖረው ኡሙ ኢብቲሳም ከካልሲ ፋብሪካ የተጣለ ነጠላ ካልሲ በማዳበሪያ ገዝታ መንገድ ዳር ትቸረችራለች። ጥንድ የለውም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ተረከዙ ተሳስቶ ጣቱ ላይ የተሠራ። «ደንበኞቼ አንድ እግር ያላቸው ብቻ ናቸው» እያለች ትስቃለች።

እኔ ከእሷ እየወሰድኩ ለልጆች ስጦታ እሠራለሁ። ቀላል ነው። ጣቱ ያለበትን ሰንጥቄ ሁለት ጆሮ አወጣለሁ፣ ተረከዙ ጉንጭ ይሆናል፣ ጥጥና እራፊ ጨርቅ እጎሰጉሳለሁ፣ አንገቱን በክር አስራለሁ፤ ጥንቸል ተወለደ። ከሚቀረው ላስቲክ ደግሞ ለጨቅላ የሚሆን ቆብ ይወጣል። ዛሬ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ የወለደችው ሕፃን ሰባተኛ ቀኑ ነበር፤ ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ወደዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

የገሪብ ሚስት ሰኒያም ነበረች። ኩሽና ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። «ምን ታድርግ፣ ልጅ የሌላት ሴት አሻንጉሊት ትሰፋለች።»

አልጎዳኝም። ቶሎ የወጣሁት ልብስ ዘፍዝፌ ስለነበር ነው።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ኡሙ ኢብቲሳም አዲስ ማዳበሪያ አመጣች። ነጭ፣ ረጅም፣ የስፖርተኛ ካልሲ፣ ሁሉም የግራ። አንዱን ሞልቼ ወገቡ ላይ በክር ሳጠብቀው ታየኝ። ትከሻ አላት። ቀሚስ አላት። የስኳሯ ሙሽራ ናት እኮ! ልክ ቁመቷ!

ከታች ሐምራዊ ካልሲ አለበስኳት። ከኋላዋ እንደ ደንቡ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሦስት ክብ ማራገቢያ ሰካሁ። ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ዞር አልኩ። ወደቀች። ደገፍኳት። ደግማ ወደቀች። ይሁን።

ወጡ አረረብኝ። ሸሓታ ያረረውን በላና «እጅሽን ይባርከው» አለ። ደግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለእኔ አይገባኝም።

ነሐሴ 19፣ ዓርብ

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ሙሽራዋን አሳየኋቸው። መቸኮል አልነበረብኝም። ቢያንስ ምሳ በልተው ቢሆን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሽራ ናት፣ ሐጂ። የመውሊድ።»

«እግር እግር ይሸታል።»

«አዲስ ነው፤ እግር ገብቶበት አያውቅም።»

«ገባበት አልገባበት ካልሲ ካልሲ ነው። እኔ ሰው በመዳፉ አቅፎ የሚልሳትን ሙሽራ ስሠራ ነው የሸበትኩት። አሁን በነቢዩ ልደት ሰው እግሩ ላይ የሚያጠልቀውን ልሽጥ? ኢንሺራሕ፣ እኔ እስክሞት ታገሺና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

በስሜ ጠሩኝ። «ልጄ» አላሉኝም።

ሸሓታ ከሳሎን ሆኖ «አባዬ፣ ለቦታው ብላ እኮ ነው» አለ። እሳቸው ግን ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሙሽራዋን አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ልፈታት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በዚህ ሙቀት ካልሲ። እውነትም ቂል ነኝ። ሰኒያ ብታየኝ ምን ትል ነበር? ለነገሩ የሰኒያን ነገር ረስቼዋለሁ።

ነሐሴ 24፣ ረቡዕ

ስኳር ተገኘ! ደግሞም አልተገኘም። እንዴት እንደምጽፈው።

ሸሓታ ከአንድ ተሳፋሪው ወንድም ሁለት ጆንያ አግኝቶ ከመንገዱ ራስ ጀምሮ ጡሩምባ እየነፋ መጣ። ኡሙ ኢብቲሳም ከሰገነት እልል አለች። ሐጂ ወረዱ። ጆንያው ተፈታ። እፍኝ አነሱ፣ አሸተቱ፣ ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«እርጥብ ነው» አሉ።

ሸሓታ ሳቀ፤ የሚቀልዱ መስሎት። «አባዬ፣ ምኑ ነው እርጥብ? እንደ አሸዋ ይፈሳል እኮ!»

«ዕድሜዬን ስኳር ያፈላሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? አንተ መሪ ስትይዝ እኔ እገባብሃለሁ?»

ሸሓታ ሙያውን አለመማሩ ሁልጊዜ እሾህ ሆኖ ውስጡ አለ፤ አባቱም የት ቦታ እንዳለ ያውቃሉ። ጆንያውን ወደ ጥግ ጎትቶ ወጣ። ከሄዱ በኋላ እጄን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኔ አስገባሁት። ስኳር አላውቅም። ግን ደረቅ ነበር።

ተናደድኩ። ቦታው ሊሄድ ነው፣ ስኳሩ እዚህ ቁጭ ብሏል፣ እሳቸው ኩራት ያበዛሉ። ሽማግሌ ሲያረጅ እልኸኛ ይሆናል ይባላል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀኑን ሙሉ በልቤ ሳማቸው ዋልኩ። ማታ ሾርባ ስሰጣቸው ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ነው የጠጡት። ማንኪያ አስቀምጬላቸው ነበር።

ነሐሴ 28፣ እሑድ

ከዙህር ሶላት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት ድስት ላመጣ ወደ ወርክሾፑ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሐጂ ውስጥ ናቸው። የሙሽራዋን ቅርጽ ሁለት ግማሽ ገጥመው በገመድ አስረዋል፤ ሊያፈሱ ሲሉ እንደሚያደርጉት። እጀታው ረጅም የሆነውን መጥበሻ ይዘዋል። ያለበት ውሃ ነው። በቅርጹ አፍ ሊያፈሱ ሞከሩ፤ ውሃው በጎን ሄደ። ደግመው ሞሉ። በጎን ሄደ። ወለሉ ሁሉ ውሃ ነው። ከዚያ መጥበሻውን አስቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጭብጥ አድርገው ያዙት፤ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው። እንደዚያው ቆዩ።

ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ተመለስኩ።

ቅርጾቹን እየነከሩ ነበር። የእንጨት ቅርጽ ካልተነከረ ይሰነጠቃል፤ ሁሉም ያውቃል።

ማታ ለሸሓታ «ስኳሩን ለባለቤቱ መልስለት» አልኩት።

«ምን ሆነሻል? ሽማግሌውን አሳምኚልኝ ስልሽ!»

«እርጥብ ነው። እኔም ነክቼዋለሁ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

አየኝ። ሌላ አልጠየቀም። ስለዚህ ነገር ከአሁን በኋላ አልጽፍም።

መስከረም 2፣ ረቡዕ

ከሠራኋቸው ሁሉ አስቀያሚዋን መርጬ ወረድኩ። ሐጂ ከተቀመጡበት ወንበር አጠገብ በርጩማ ላይ አኖርኳት።

«ሐጂ፣ ይህቺ ለምን ሙሽራ እንደማትመስል ይንገሩኝ፤ ከዚያ አልጨቀጭቅዎትም።»

መንገዱን ያያሉ። አህያ አለፈ፣ ሐብሐብ ሻጭ አለፈ። በመጨረሻ በዓይናቸው ጥግ አዩዋት።

«እጇ» አሉ።

«እጇ ምን ሆነ?»

«ተንጠልጥሏል። ልመና የወጣች ናት የምትመስለው። የመውሊድ ሙሽራ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ደረቷን ነፍታ፣ ‹ማን አባቱ ነው የሚደፍረኝ› ነው የምትለው!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

የካልሲውን አፍ ቆርጬ ሁለት ክንድ ሠራሁና ወገቧ ላይ ሰፋሁት። «አንገቷ ረዘመ። ዝይ ናት?» አሳጠርኩ። «ቅንድቧን አቅጥኚው። ሙሽራ እንጂ ፖሊስ አይደለችም።» አቀጠንኩ። ለዐስር ሶላት አዛን ሲባል እዚያው ነበርን፤ እሳቸው በአፋቸው፣ እኔ በመርፌዬ። ሊሰግዱ ሲነሱ «ነገ ቀይ ካልሲ ይዘሽ ውረጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ልጄ!

ቤት ገብቼ ሸሓታን ያለምንም ምክንያት ግንባሩን ሳምኩት።

መስከረም 4፣ ዓርብ

ጊዜ የለም። ኡሙ ኢብቲሳም ትጎሰጉሳለች፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ወረቀት ታጥፋለች፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ሐጂ ያዛሉ። ጣቴ በመርፌ ተበሳስቷል። ፉልና ዳቦ፣ ፉልና ዳቦ። ሸሓታ ማማረር ቀርቶት መሳቅ ጀመረ፤ «ሚኒባሱን ሸጬ ፉል ቤት ልክፈት» ይላል።

ኡሙ ኢብቲሳም ሐጂን አትፈራም። «ሐጂ፣ ለምን አንድ መርፌ አይዙም? ካፒቴን ብቻ ሆኑብን እኮ!» አለች። እኔ ቶሎ ብዬ «የካፒቴን ሥራ ይበቃቸዋል፣ ተያቸው» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ሻከረ። ደነገጠች። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

መስከረም 7፣ ሰኞ

ሁሉም ይወድቃሉ። ያምራሉ፣ ግን አይቆሙም። መደርደሪያ ላይ አንዷን ስደግፍ ሌላዋ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ትጋደማለች። ሩዝ ከታች ከተትኩ፤ ቆሙ። ሐጂ አዩና ጮሁ፤ «የሚበላ ነገር ካልሲ ውስጥ? አሸዋ የለም በዚህ አገር?» በግብጽ አሸዋ የለም ወይ! ሁላችንም ሳቅን። ከሚሠራው ቤት ግንባታ አንድ ባልዲ አመጣን። አጥበን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥረን ከቀሚሷ ሥር ሰፋነው።

አሁን በተርታ ቆመዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ባለ መስመር፣ ሁሉም እጃቸው ወገባቸው ላይ። ፈረሰኞቹ ከግራጫ ካልሲ ናቸው፤ ተረከዙ የፈረሱ አንገት የሚታጠፍበት ሆኖ ተገኘ። ዘወር ብዬ አይቼ አልጠግብ አልኩ።

መስከረም 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ገሪብ ወሬውን ሰማ። ሐጂ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ከማዶ ቆሞ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቆ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኸ።

«ኧረ ሰዎች! ሐጂ በድራን ዘንድሮ የምትላስ ሙሽራ ሳይሆን የምትጠለቅ ነው ያመጡልን! ቁጥሯ ስንት ነው፣ ሐጂ? አርባ ሁለት ይኖራችኋል?»

ሰው ሳቀ። የማውቃቸው ሰዎች፣ ዘወትር ሰላም የሚሉን። ሐጂ ተነሥተው ገቡ። እራት አልበሉም።

ይህ አልበቃው ብሎ ለጣፋጭ ሠሪዎቹ ሽማግሌ ለሐጂ ሩሽዲ ከሷል። ረድፉ የጣፋጭ ረድፍ ነው፣ ካልሲ ወደ ልብስ ተራ ይሂድ፣ ቦታው ይለቀቅ ብሎ። ቅዳሜ መጥተው ያያሉ።

ሸሓታ «እንተወው» አለኝ። «አባቴን ገበያ መሃል አታሳፍሪው። ቦታው ቢሄድ ይሂድ። አንድ ዳስ ነው።»

«አንድ ዳስ? አንተማ ምን ቸገረህ! ሙያውን ተምረህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ እንደርስ ነበር?»

አልኩት። ከአፌ ወጣ። ቁልፉን አንሥቶ ሄደ።

ምላሴን ይቁረጠው። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ነገር የማይለው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። በመስኮት መንገዱን አያለሁ። የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

ሐጂ ክፍላቸው ውስጥ መብራት አላጠፉም። እኔም እሰፋለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ልጅ የሌላት ሴት አሻንጉሊት ትሰፋለች። ይኸው።

መስከረም 12፣ ቅዳሜ

ሁሉንም መጻፍ አለብኝ፣ አንዲት ነገር ሳትቀር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የጡሩምባ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወደ ታች አየሁ። ሸሓታ የዳሱን ብረትና ሸራ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ ገመድ እያሰረ ነው። ወረድኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «የዚያን ጫፍ ያዢልኝ» አለ። ያዝኩለት። በዚያው አለፈ።

ዛሬ ማለዳ ዳሱ ቆመ። መብራቱን ዘረጋን፣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቁን አለበስነው፣ ሙሽሮቹን በሦስት ደረጃ ደረደርናቸው። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። ከቤት አይወጡም ብዬ ፈርቼ ነበር። የደረጃውን ጫፍ አንድ ጊዜ አስተካከሉና መሃል ላይ ቆሙ።

ሐጂ ሩሽዲ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ገሪብ ከኋላቸው፣ ሰኒያ ከገሪብ ኋላ። ከዚያ መንገዱ ላይ ያለው ሻጭ ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበን።

«ወንድሜ በድራን» አሉ ሐጂ ሩሽዲ፤ ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ «ይህ ረድፍ የጣፋጭ ነው። አንተም ታውቃለህ። ካልሲ የሚሸጥበት ቦታ ማዶ ነው።»

«ካልሲ የሚሸጥ ማን አለ?» አሉ የእኛው ሐጂ። «እኔ የምሸጠው የመውሊድ ሙሽራ ነው። አባቴም የሸጡት ሙሽራ ነው። ስኳሩንማ በማግስቱ ጉንዳን ይበላዋል። አባት ከዚህ ተነሥቶ ለልጁ ይዞላት የሚሄደው ስኳር ነው ወይስ ሙሽራ?»

ገሪብ «ወሬ ነው! እስቲ ትላስ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ወሬ ከሆነ በእጅህ ይዘህ እያት፣ ሩሽዲ» አሉ ሐጂ። ዞረው ከላይኛው ደረጃ ትልቋን፣ ባለ ወርቅ ክሯን አነሡ። ወደ ሐጂ ሩሽዲ ዘረጉ።

ወደቀች።

ድንጋዩ ላይ። ረድፉ ሙሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ሁሉም ጣፋጭ ሠሪ ነው፤ ሙሽራ ስትወድቅ የሚከተለውን ድምፅ ያውቀዋል። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድምፅ የለም። ዓይኔን ገለጥኩ። በጎኗ ተጋድማለች። ማራገቢያዋ ትንሽ ዘመም ብሏል። ሁለት እጇ ወገቧ ላይ ነው።

ሐጂ ሩሽዲ ጎንበስ ብለው አነሷት። አገላበጧት። አቧራዋን አራገፉላት። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ። «ኧረ ይህቺስ እኔንም ቀብራ ትኖራለች!»

ሐጂ እጃቸውን ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ከአባቴ ጀምሮ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ሙሽራ ተሰብሮ ስንት ሕፃን አለቀሰ?» አሉ። «የእኔን ልጅ እጅ ሥራ ጣሏት፣ ርገጧት። ነገ ተመልሳ ትቆማለች።»

የእኔን ልጅ አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ሙሽራ ናት» አሉ ሐጂ ሩሽዲ። «ቦታው የበድራን ነው። ገሪብ፣ ሂድና ዝንብህን አባርር።»

አሁን ሲስቁ የተሳቀው በእኛ አልነበረም! ኡሙ ኢብቲሳም ያቺ እልልታዋ! ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ አንድ ሰው ሻይ ሰጠኝ፣ አንድ ሰው ጀርባዬን መታኝ።

ሐጂ ሆን ብለው ነው የጣሏት። እንዲህ ያለ ብልሃት ከሳቸው በቀር ለማን ይመጣል! ስንመለስ ለሸሓታ ይህንኑ ነገርኩት። መሪውን ይዞ አንድ መታጠፊያ አለፈ።

«አዎ» አለ በኋላ። «ሆን ብሎ ነው።»

እጄን ያዘኝ፤ እስከ ቤት አልለቀቀኝም። በአንድ እጁ ነው የነዳው።

መስከረም 13፣ እሑድ

ሰው! ሰው! ሰው! አንድ ወታደር ለእጮኛው ሁለት ገዛ፤ «አንዷ ለእናቷ ናት፤ አለዚያ አያስገቡኝም» አለ። ኡሙ ኢብቲሳም ካልሲ ፍለጋ እየሮጠች ነው። ቢጫ አልቋል። ፈረሰኛ ይፈለጋል። ክር!

መስከረም 15፣ ማክሰኞ

ነገ መውሊድ ነው። እግሬ አብጧል። ሁለት ነገር ሆነ፤ ሳልረሳ።

አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ዳሳችን ፊት ቆመች። ልጅቷ ቀይዋን በጣቷ ነካ አድርጋ ቶሎ ወደ እናቷ አየች፤ እንደምትቆጣት ሁሉ። «ንኪያት፣ የኔ እናት፤ ይህቺ ይፈቀድልሻል» አለቻት እናቷ። ከዚያ ለእኔ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «የስኳር ሕመም አለባት። በየዓመቱ በመውሊድ በሌላ መንገድ ዞረን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው።» ልጅቷ ሙሽራዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈቻት። ሐጂ ሰምተዋል። ዞር ብለው መብራቱን ማስተካከል ጀመሩ፤ መብራቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ሁለተኛው። ሰኒያ መጣች። በመጀመሪያ ዳሱን አልፋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አለፈች። ከዚያ ቆመች።

«ልጄ እጮኛዋን የካልሲዋን ሙሽራ ካላመጣህ አትምጣ ብላዋለች፤ እሱ ደግሞ አፍሮ እኔን ላከኝ» አለች። «እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ የዛሬ ልጆች!»

«ምርጫው ያንቺ ነው፣ የኔ እመቤት።»

አረንጓዴዋን አነሣች። ስፌቷን አገላብጣ አየች። «ጥሩ እጅ አለሽ» አለች፤ አለች እኮ፤ በራሷ አፍ!

«ልጅ የሌላት ሴት ጊዜ አላት» አልኳት።

ፊቷ እንደ ተቆረጠ ሐብሐብ ቀላ። ከፈለችና ሄደች። ክፉ ነገር ተናገርኩ። ነገ ይጸጽተኝ ይሆናል። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጸጸተኝም፤ እንዲያውም ስሄድ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ጎድቶኝ ነበር። እዚህ ልጻፈው እንጂ። በጣም ጎድቶኝ ነበር።

መስከረም 17፣ ሐሙስ

ትናንት መንገዱ ሁሉ የእኛ ነበር። ከመስጊዱ መንዙማው ይሰማል፣ መብራቱ ከሰገነት ሰገነት ተዘርግቷል፣ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ የካልሲ ፈረሰኛ ይዘው ያልፋሉ። ሐጂ ወንበር ላይ ቆመው እንደ ጎረምሳ ይጮኻሉ፤ «የማትሰበር! የማትቀልጥ! ጉንዳን የማይደፍራት!» ሸሓታ ሥራ ትቶ ከጎናቸው ቆሞ ያነሣል፣ ይጠቀልላል፣ ያቀብላል። አባትና ልጅ እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲሠሩ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሐጂ አንድ ጊዜ «ወረቀቱን እንዲህ እጠፈው» አሉት። አጠፈው። «ጎበዝ» አሉት። ሸሓታ አርባ ዓመቱ ነው፤ እንደ ተማሪ ፈገግ አለ።

ደረጃዎቹ ባዶ ሆኑ። ሸራውን ልንፈታ ስንል ሐጂ ከወንበራቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ።

«ይህቺ አልተሸጠችም» አሉ።

ፈታሁት። ሙሽራ ናት። ነጭ ካልሲ፣ ሰማያዊ ቀሚስ። አንድ ዓይኗ ከሌላው በጣት ያህል ከፍ ብሏል። ስፌቱ ትልልቅ ነው፣ ወዲያና ወዲህ የሚረግጥ፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የተወጋ። አንዱ ክንዷ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። እኔ አልሠራኋትም። ኡሙ ኢብቲሳምም አልሠራቻትም። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው፣ የት ተደብቀው እንደሰፏት፣ አላውቅም።

«አባት ለዳራት ልጁ በመውሊድ ሙሽራ ይልክላታል» አሉ። «የአንቺ አባት አፈር ይቅለላቸው፤ የሉም። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስኳር አላገኘሁም።»

ጣቴን በስፌቱ ላይ አስኬድኩ።

«ስፌቷ ጠማማ ነው» አሉ ወደ መሬት እያዩ።

«የዘንድሮ መርፌ ጥሩ አይደለም፣ አባዬ» አልኳቸው። «እኔንም ሲያስቸግረኝ ነው የከረመው።»

አባዬ ያልኳቸው ያኔ ነው፤ ሳላስበው። ቀና ብለው አዩኝ። ሁለታችንም የምናውቀውን እንደምናውቅ በዚያች ሰዓት ተነጋገርን መሰለኝ፤ ቃል ግን ከአፋችን አልወጣም።

ሸሓታ «ፌስታል ላምጣልሽ? አቧራ ይነካታል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሚኒባስም አልፈለግሁም። በዋናው መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በገሪብ ዳስ ፊት ለፊት አድርጌ፣ በሁለት እጄ ከደረቴ በላይ ይዣት በእግሬ ሄድኩ። ሰው ዓይኗን እያየ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ድልድዩ አጠገብ አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ይህቺን ከየት ገዛሻት? ሁሉም አልቋል አሉኝ እኮ!»

«አልገዛኋትም» አልኳት። «አባቴ ነው የሰጠኝ።»